የገዘሯ በረኛ የነገረችኝ

ዛሬ ጂንካ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ አንዲት ሴትዮ ክንዴን ያዘችኝ። «አንቺ! አሁንም ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ?» ብላ ሳቀች።

አስቴር ናት። በደርግ ጊዜ የጎረቤታችን የገዘር ከተማ ሴት ተማሪዎች የእጅ ኳስ በረኛ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ለጂንካ ነበር የምጫወተው።

ክንዴ ብርቱ ነበር፤ ኳሱ ግን የሚሄደው ወደፈለገው ነው። የምንጫወተው ጂንካ መሃል ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሳር ላይ ስለነበር አብራሪዎቹም ሳይፈሩኝ አልቀሩም።

አንድ ቀን ከገዘር ጋር በወዳጅነት ስንጫወት የወረወርኩትን ሁሉ ሳትኩ። የስፖርት አስተማሪያችን «እንዲህ ከሆንሽ ለአውራጃው ውድድር አላሰልፍሽም» አሉኝ። ሜዳው ዳር ተቀምጬ ሳለቅስ አስቴር መጣች።

«ልትወረውሪ ስትይ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። ፊት ለፊትሽ ስለምቆም አያለሁ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ግድግዳ ላይ በከሰል ክብ ሠርቼ፣ ኳሱ እስኪያርፍ ዓይኔን ሳልነቅል መወርወር ያዝኩ። መጀመሪያ በቀስታ፣ ስለምደው በኃይል።

ለአውራጃው ውድድር አስተማሪያችን አሰለፉኝ፤ ከገዘር ጋር እኩል ሆነን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት አገኘን። ወርዋሪዋ እኔ፣ በረኛዋ አስቴር! የግቡን የታችኛውን ጥግ እያየሁ ለቀቅኩት። ገባ።

አስቴር «ምነው ያኔ አፌን በያዘኝ!» አለችና አቀፈችኝ።

ዛሬ «ተጋጣሚሽ ሆኜ ሳለ ለምን ነገርሽኝ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«እያለቀስሽ ዝም ልበል?» አለችኝ።

እናንተስ፣ ከወዲያኛው ወገን ሆኖ ያቃናችሁ ሰው አለ? እስቲ አጫውቱኝ።