የመጋረጃው ዘንግ ላይ የተሰቀለ መድኃኒት

ታላቅ እህቴ ነርስ ነበረች። እኔ እሷ በነበረችበት ሆስፒታል መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። እዚህ የምጽፈው ያየሁትንና ባለታሪኮቹ ራሳቸው የነገሩኝን ብቻ ነው፤ ቀብሯ ላይ የተባለውን ሁሉ አላስገባሁም። ሐዘን ያጋንናል፤ የእሷ ሥራ ደግሞ ማጋነን አያስፈልገውም።

በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ለሳምንታት የሚያስፈልጋቸው፣ ከዚያ በቀር ግን አልጋ ይዘው የሚተኙበት ምክንያት የሌላቸው ሕመምተኞች አሉ። እነሱ ቤታቸው ይገባሉ፣ መድኃኒቱ ይከተላቸዋል። ክንዳቸው ላይ ቀጭን ቱቦ ይቀመጥላቸውና እህቴ በየቀኑ እየሄደች የመድኃኒቱን ከረጢት ሰቅላ ትቀጥልላቸዋለች። የሆስፒታሉን የብረት መስቀያ ተሸክሞ ፎቅ ለፎቅ መዞር አይቻልም። ስለዚህ የልብስ መስቀያ ሽቦ ቆልምማ የሠራችው መንጠቆ ነበራት። የሰው ቤት ስትገባ ዓይኗ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ ላይ ነው፤ ምስማር፣ የመስኮት ብረት፣ የቁም ሣጥን እጀታ ትፈልጋለች።

«ሰው ቤት ገብተሽ ጣሪያ የምታዪው ቤቱን ልትገዢው ነው?» እላት ነበር።

«አንተ ወረቀትህን እይ» ትለኛለች።

ከሕመምተኞቿ አንዱ የነበሩትን የአውቶቡስ ሹፌር ታሪክ የነገሩኝ እሷም፣ እሳቸውም፣ ሚስታቸውም ናቸው፤ የሦስቱም ቃል አንድ ነው። የቀኝ እግራቸው አጥንት አመርቅዞ ነበር። የሚበጃቸው አንድ መድኃኒት ብቻ ተገኘ። እሱ ከተቋረጠ እግሩ ከጉልበት በታች እንደሚቆረጥ ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እህቴ ከረጢቱን የመጋረጃው ዘንግ ላይ ሰቀለች፤ የጠብታውን ፍጥነት የምትወስነውን ትንሽ ጎማ አስተካከለችና እዚያው ሕንፃ ላይ ወዳለች ሌላ ሕመምተኛ ወጣች። ስትመለስ ገና ግማሹ ሊቀር የሚገባው መድኃኒት አልቋል። ሹፌሩ ፊታቸውና አንገታቸው በርበሬ መስሎ ቀልቷል፣ ራስ ቅላቸውን ያክካሉ። ቱቦውን ዘጋች፣ ደም ግፊታቸውን ለካች፣ ለማሳከኩ የሚሆን መርፌ ወጋቻቸው። ቅላቱ እስኪለቃቸው ከአጠገባቸው አልተነሣችም። ከዚያ ሐኪሙ ዘንድ ደወለች።

«አለርጂ ከሆነ መድኃኒቱን አሁኑኑ እናቆማለን» አላት። «ፈጥኖ ገብቶባቸው ከሆነ ግን ቀስ አድርገን መቀጠል እንችላለን። የትኛው ነው?»

«ፈጥኖ የገባ ይመስለኛል።»

«በይመስለኛል አልቀጥልም። ጠይቂያቸው።»

ሐኪሙ ልክ ነበር፤ እሷም ይህንኑ ነው ያለችኝ።

ሚስትየው ልብስ ሊያሰጡ ወጥተው እንደነበር ተናገሩ። ሹፌሩ ደግሞ «ማንም አልነካውም፤ ራሱ ነው የሮጠው» አሉ።

እህቴ ዱካ ስባ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት ነዱ?»

«አንቺ ሳትወለጂ ጀምሬ።»

«ራሱ የሮጠ አውቶቡስ ገጥሞዎት ያውቃል?»

«ቁልቁለት ላይ ይሮጣል።»

«እዚህ ቤት ቁልቁለቱ በየት በኩል ነው?»

ሚስትየው ሳቃቸው አመለጣቸው። ሹፌሩ አልሳቁም። «ብናገር ወደ ዋርድ ትመልሱኛላችሁ» አሉ።

«ባይናገሩ ነው የሚመለሱት።» እህቴ ለምን እንደሚመለሱ አልጨመረችም፤ እግራቸውንም አላየችም። እሳቸው ግን አዩት።

«የጋራዥ ጓደኞቼ ሊጠይቁኝ ይመጡ ነበር። በገመድ እንደታሰረ ሰው ሆኜ እንዲያዩኝ አልፈለግኩም። ቶሎ ይለቅ ብዬ ያቺን ጎማ ነካኋት። ትንሽ ነው የነካኋት።»

«አንተ ሰውዬ!» አሉ ሚስትየው። «ተሳፋሪ ንዳው ንዳው ሲልህ ትሳደብ የነበርከው አንተ አይደለህም?»

እህቴ እንደገና ደውላ ስልኩን ለራሳቸው ሰጠቻቸው። ሐኪሙ ሳይቆጣ ሰማቸው። መድኃኒቱ እንዲቀጥል ወሰነ፤ ግን በጣም ቀስ ብሎ፣ እህቴም ከክፍሉ ሳትወጣ።

በማግስቱ ስትሄድ የጋራዡ ሰዎች ቤቱን ሞልተውታል። ሹፌሩ ዛሬስ ጓደኞቼን ታስወጣልኛለች ብለው ጠብቀው ነበር። እሷ ግን የመጡትን ሁሉ አስቀመጠችና የአውቶቡሱን ረዳት ጠራችው፤ ጉሮሮው የሠፈር መለከት የሆነ ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ ይቺን ጎማ የሚነካ ሰው ብታይ ምን ታደርገዋለህ?»

«አወርደዋለሁ!»

«ጋሼ ራሳቸው ቢሆኑስ?»

«እሳቸውንማ ሒሳብ ሳልመልስ ነው የማወርዳቸው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጠብታው ቀስ እያለ ወረደ። ጓደኞቻቸው ስለ ሞተርና ስለ ትራፊክ ሲያወሩ ሹፌሩ ቱቦውን ረስተው እጃቸውን እያወናጨፉ ይከራከሩ ጀመር፤ እህቴም ክንድዎን እያለች ትቆጣቸዋለች። አንገታቸው አልቀላም። የመጨረሻዋ ጠብታ ስትወርድ ረዳቱ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት መድኃኒቱ ባለቀ ቁጥር የሚባለው ይኸው ቃል ሆነ። ያን ዕለት ማታ እህቴ ይህንን ስትነግረኝ የረዳቱን ድምፅ እያስመሰለች ነበር፤ እንደዚያ ኮርታ አይቻት አላውቅም።

እግሩ ዳነ። ሹፌሩ ወደ መሪያቸው ተመለሱ።

እህቴ በድንገት ስታርፍ ቀብርተኛውን በአውቶቡሳቸው የወሰዱት እሳቸው ናቸው። ማንም አልጠየቃቸውም፤ ጠዋት በራችን ላይ ቆመው አገኘናቸው። መንገዱ ባዶ ቢሆንም እየተንፏቀቁ ነዱ። የአጎቴ ልጅ አላስቻለውም።

«ኧረ ሹፌር፣ በዚህ አነዳድ መቼ ልንደርስ ነው?»

«ቀስ ማለትን ያስተማረችኝ እሷ ናት» አሉት፣ ዘወር ሳይሉ።

ስንደርስ ረዳቱ በሩን ከፍቶ ቆመ። ከዚያ ፊት የተቀመጥነው ብቻ እንድንሰማ አድርጎ «ወራጅ አለ» አለ።

እኔ ወዲያው አልተነሣሁም። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍተው ከመቀመጫቸው ሲወርዱ እያየሁ ነበር። ያለ ምርኩዝ፣ ማንንም ሳይደገፉ፣ ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው መሬቱን ረገጡ። የእህቴ ሥራ እሱ ነው። ቀና ብዬ ከኋላቸው ወረድኩ።