ድመታችን የተኛችበት ኬብል

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ በቀለ የወፍራም ኬብል ጥቅል ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ግቢያችን ሲገቡ ሳቄ አመለጠኝ። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የመጡትም ከግቢያችን ግርጌ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ ወዳለችው ክፍል መብራት ሊዘረጉልኝ ነው። ክፍሏ የእኔ ልትሆን! የራሴ በር፣ የራሴ ቁልፍ! ከደስታዬ ብዛት መሬት አልረግጥም ነበር። ኬብሉን ሳይ ግን ሐሳቤ ወደ ጫጩቶቹ ክረምት ነጎደ።

ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ የምትሠራበት ስፌት ቤት ተዘግቶ ሥራ ፈትታ ነበር። አንድ ቀን ጩኸት የሚወጣው ካርቶን ታቅፋ መጣች። "እንቁላል ሸጬ አስተምርሻለሁ" አለችኝ። ካርቶኑ ውስጥ ጥጥ የመሰሉ ቢጫ ጫጩቶች ተጨናንቀዋል።

ግቢያችን ዳገት ላይ ስለሆነ ቁልቁል ረጅም ነው፤ ከሳሎን ቢጣሩ ታች ያለ ሰው አይሰማም። ጫጩቶቹ የገቡት እዚያ ታች፣ ያቺው ክፍል ውስጥ ነው። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ብርዱ ከወንዙ እየተነሣ በበሩ ሥር ይገባል። ስለዚህ ሂተር አስፈለገ፤ ለሂተሩም መብራት።

ጋሼ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በቤቱ የሚዘረጋውን ዓይነት ኬብል አመጡ። "ይኼ ሙሉ ቤት ይችላል" አሉ። ከቆጣሪው እስከ ታች ዘርግተው ብዙ ተረፈ። ሊቆርጡት ፒንሳ ሲያነሡ እናቴ እጃቸውን ያዘች።

"ኧረ ጋሼ! ጤነኛ ኬብል ይቆረጣል? ነገ ኩሽናውን ስናድስ ይጠቅመናል።"

"እውነትሽን ነው" አሉ። በእኛ ቤት ገመድም ሆነ የውሃ ጎማ ትርፉ አይቆረጥም፤ ይጠቀለላል። ኬብሉም ሳይቆረጥ ቆጣሪው ሥር ተጠቅልሎ ተቀመጠ። መብራቱ በተጠቀለለው ኬብል ውስጥ እየዞረ ነው ወደ ታች የሚወርደው።

ግራ መጋባታችን የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ሂተሩ ሲሰካ ለብ ይላል እንጂ አይቀላም። አምፖሉም አብሮት ይገረጣል። ጋሼ ቴስተራቸውን ሰክተው "መብራትማ አለ!" ይላሉ። ሂተሩን አዲሱ ገበያ ወዳለው ሱቅ መለስነው። ባለሱቁ ሰካው፤ ፍም መሰለ።

"ጋሽዬ፣ ይኼ እንኳን ጫጩት በግ ይጠብሳል!"

የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን፣ ዝናብ እየመታን ተመለስን። ታች ስንሰካው እንደገና ጠቆረ።

"ቁልቁል የሚወርድ ነገር ይፈጥናል እንጂ እንዴት ይደክማል?" ብዬ ጠየቅኩ።

"ዝም በይ አንቺ፣ መብራት ውሃ ነው እንዴ?" አሉኝ ጋሼ። ትንሽ ቆይተው ግን ራሳቸውም ዞር ብለው ዳገቱን ሲያዩት አየኋቸው።

በማግስቱ ጠዋት ጫጩቶቹ ለሙቀት አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበዋል። አንዷ አልተነሣችም። እናቴ በእፍኟ ይዛ በትንፋሿ ልታሞቃት ሞከረች።

ንግሥት የምትባል ድመት አለችን። ክረምት ከገባ ከከሰል ምድጃው አጠገብ የሚያነሣት የለም። ያን ጠዋት ግን ምድጃውን ትታ ጥቅሉ ኬብል ላይ ክብ ብላ ተኝታለች። "ምን አግኝተሽ ነው?" ብዬ ላነሣት እጄን ስሰድ ኬብሉ ሞቀኝ። ከዳቦ ቤት እንደወጣ ዳቦ።

"እማዬ! ኬብሉ ይሞቃል!"

"ድመቷ ተኝታበት ነዋ!"

ንግሥትን ታቅፌ ጠበቅኩ። እሷ ከላዩ ተነሥታም ኬብሉ ባሰበት እንጂ አልበረደም። ጋሼን ጠራኋቸው። ዳሰሱትና እጃቸውን ሰብስበው ሮጠው ብሬከሩን አጠፉት።

"ለካ ድመት ስናሞቅ ነው የሰነበትነው!" አሉ። "ለዚህ ሁሉ ርቀት ቀጭን ነው። ጭራሽ ጠቅልለን አስረዘምነው። ሙቀቱ መንገድ ላይ ቀረ፤ ትንሽ ብንቆይ ደግሞ ቤቱን ያነድልን ነበር።"

"ወይኔ ጉዴ! አይቁረጡ ያልኩ እኔ!" አለች እናቴ። ከዚያ ቁልቁለቱን እየሮጠች ወረደች፤ ካርቶኑን ታቅፋ መጥታ ሳሎን ከሶፋው ጀርባ አስቀመጠችው። ሂተሩ ግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰካ፤ ቀላ። ጫጩቶቹ ዙሪያውን ተዘርግተው ጩኸታቸው ቀስ በቀስ ሲረግብ እኔም እናቴም ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብለን ሰማን።

ክረምቱን ሳሎን ከረሙ። በመስከረም ወደ ታች ወረዱ፤ አንዷ ግን አደግኩበት ብላ ነው መሰል፣ እንቁላል ልትጥል በደረሰች ቁጥር ሶፋው ላይ ትመጣ ነበር። እናቴ ቃሏን ጠበቀች፤ ይኸው እየተማርኩ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ መጀመሪያ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ "ምን ምን ትሰኪያለሽ?" ከዚያ በግቢው አጥር ሥር ገመድ እየጎተቱ ርቀቱን ለኩ። ኬብሉ ተዘርግቶ ትንሽ ተረፈ። ፒንሳውን ይዘው አመነቱ፤ ዓይናቸው እናቴ ላይ ነው።

"ይቁረጡት!" አልን ሁለታችንም አንድ ላይ።

ይኼን የምጽፈው አዲሷ ክፍሌ ውስጥ ነው። በፊዚክስ የኬብል ርዝመትና ውፍረት ምን እንደሚያደርግ ተምሬያለሁ፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ሆኖም መብራት መንገድ ላይ እንዴት እንደሚቀር ሳስበው አሁንም ግራ ይገባኛል። ቅድም ወጥቼ ኬብሉን ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው። ንግሥትም ሳትሞክረው አልቀረችም፤ ተቀይማ ገብታ ብርድ ልብሴ ላይ ተኝታለች።