ሚጡና የብረቱ በር

የተያዝኩት ለዘገባ ሄጄ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ የፓፓያ ጭማቂ እየጠጣሁ ነው። ሁለት ሰዎች ስልኬን ተቀብለው «ለጥቂት ጥያቄ ነው» አሉኝ። ጭማቂዬን ጨርሼ ተነሣሁ።

የሴቶቹ ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ከራስ በላይ። ቀጥሎ የተቀበለችኝ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ወደ እናቷ ዞረች።

«አዲስ ገቢ ናት?»

«አዎ፣ ቦታ ስጫት።»

ምንጣፏን ሳብ አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ።

እናቷ ስትታሰር ልጅቷ ጡት ትጠባ ነበር። የእናትየዋ ጉዳይ በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ሲጨመርበት ልጅቷ እዚያው አፍ ፈታች። ሁላችንም ሚጡ እንላታለን። የካልሲ አሻንጉሊቶቿን ግድግዳ ሥር ደርድራ «ቁጭ በሉ! ቆጠራ ነው!» እያለች ትጫወታለች።

በቅርቡ አክስቷ ከቀወት መጥታ ልትወስዳትና አፀደ ሕፃናት ልታስገባት ነበር። እኔ እዚያ ልጆቹ እንዳይስቁባት ብዬ በሳሙና ቁራጭ ከምንጣፉ ሥር በተነጠፈው ጥቁር ላስቲክ ላይ ሀ ሁ እጽፍላታለሁ። ከአጣዬ በኩል ታስረው የመጡት የማሾ ነጋዴ እትዬ ደግሞ ይቃወሙኛል።

«ሀሁ የትም አይሸሽም! መጀመሪያ አደብ። አልሐምዱሊላህ ማለት ትልመድ።»

«አንቱ ትናንት ከፖሊሷ ጋር ስትጨቃጨቁ አደቡ የት ነበር?»

«ወላሂ፣ እሷ ናት የጀመረችው!»

እናትየዋ የልጇን ፀጉር ትሠራለች።

አንድ ጠዋት በሩ ተከፍቶ ወደ ግቢው ወጣን። ሚጡ ተኝታ ቀርታ ነበር። ነቅታ ስትመጣ ግን ደፉ ላይ ቆመች።

«ነይ እንጂ ሚጡ፣ ክፍት ነው!» አለች እናቷ ከቧንቧው ሥር።

«ውጪ አልተባልኩማ» አለች ልጅቷ።

ሁላችን ሳቅን። እናትየዋ አልሳቀችም። እጇ ላይ የሳሙናው አረፋ እስኪደርቅ ልጇን አየቻት።

ክፍላችን ስንመለስ ተናገረች። «ፊደሉን እዚያ ያስተምሯታል። አደቡንም አክስቷ ታስተምራታለች። ይሄን ግን ማንም አያውቅላትም። ሌሎቹ ልጆች ሲጫወቱ እሷ በር ላይ ቆማ ብትውል፣ ጨዋ ልጅ ብለው ያመሰግኗታል። ይሄን የማስተምራት እኔ ነኝ።»



አንሶላ በገመድ ሰቀልንና በር አደረግነው። እኔ ዘበኛ ሆንኩ። እትዬ ከአንሶላው ማዶ የጨዋታ ጓደኛ ሆነው ተቀመጡ፤ የራሳቸውን ሕግም ጨመሩ። «ሰው ቤት ለመግባት ይጠየቃል። ልጅ ለጨዋታ ሲወጣ ግን አይጠየቅም።»

መጀመሪያ ላይ ሚጡ ዓይን ዓይኔን እያየች «ልውጣ?» ትለኝ ነበር። እናቷ «አትጠይቂያት፤ ግፊው!» ትላለች። ውሎ አድሮ አንሶላውንም እኔንም ገፍታ ማለፍ ጀመረች። እትዬ አንዴ ከነቡጢዋ ተቀብለዋት «ያ ረቢ፣ ምን አሳደግን!» አሉ።

አክስቷ የመጣች ቀን ፖሊሷ ቁልፉን ፈታች። በሩን ልትስብ ስትል እናትየዋ ከውስጥ ተጣራች።

«እባክሽ እህቴ፣ ተይላት። እሷ ትክፈተው።»

 የፖሊሷ ኮቴ ወደ ኋላ ሲል ሰማን።

ሚጡ ብረቱን በሁለት እጇ ገፋችው፤ እንቢ አላት። ዞራ በጀርባዋ ገፋችው። በሩ ሲሚንቶውን እየፋቀ ተከፈተ።

«ወዴት ነው?» አለች ፖሊሷ፣ ከልምድ ይመስለኛል።

«ልጫወት!»

ፖሊሷም ሳቀች። እናትየዋ እስከ ደፉ ተከተለቻትና እዚያው ቆመች። ከዚያ ማለፍ አልተፈቀደላትም።

ዛሬም ዘጋቢ ነኝ። ሕፃናት ምን ይማሩ በሚባልባቸው ስብሰባዎች ላይ እቀመጣለሁ። አንዱ ፊደል ይላል፣ ሌላው ሥነ ምግባር፤ የሁሉንም ሳላዛባ እዘግባለሁ። ብዙ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ አንዲት እናት እፈልጋለሁ። አላገኝም።

እናትየዋ ከተፈታች ቆይታለች። ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝ።

«ትምህርት ቤት ጠሩኝ። ልጅሽ ሳታስፈቅድ እየወጣች አስቸገረችን አሉኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ይቅርታ ጠየቅኩ። ስወጣ ማስቲካ ገዛሁላት።»