የቴታ ፖሊ ፕሮፌሰር

በእኛ ዘንድ ነሐሴ 15 የሚውለው የማርያም በዓል ማግስት ነበር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ነሐሴ 16 ቀን 2014። ስንት ዓመት እንዲህ እያልኩ አወራሁት። አሁን ልጽፈው ስቀመጥ ግን ተጠራጠርኩ። ያን ዕለት ከሚኒባሱ ማቆሚያ ሆኜ የእግረኛው ድልድይ ቀለም ሲቀባ ማየቴን አስታውሳለሁ፤ ድልድዩ ደግሞ የተቀባው ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ነው ይላሉ። ወይ ዓመቱን ወይ ቀለሙን ተሳስቻለሁ። ጫማዎቹን ግን አልተሳሳትኩም።

ጓደኛዬ ሌፍተር ናቺ ለዓመት እረፍቱ ከጣሊያን መጥቶ ከዋና ከተማችን ከቲራና ከሚመጣው ሚኒባስ ሲወርድ የተቀበልኩት እኔ ነበርኩ። እሱ ሻንጣውን በድንጋይ ንጣፉ ላይ እያንገጫገጨ፣ እኔ ስለ ሙቀቱ እያማረርኩ ወደ እናቱ ቤት ዳገቱን ወጣን። በሩ ጋ ስንደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከደጃፉ ጀምሮ እስከ ደረጃው ጫማ ተደርድሯል፤ የወንድ፣ የሴት፣ ተረከዙ የተረገጠ፣ ለእሁድ ብቻ የሚወጣ። በእኛ ከተማ በፐርሜት አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ይህን ያህል ጫማ የሚታየው ወይ ሰው ሲሞት ወይ ሰው ደስ ሲለው ነው። የሌፍተር እናት የልብ ሕመምተኛ ስለነበሩ ደስታው ትዝ አላለውም። ሻንጣውን ለቀቀው። እኔ ቁልቁል የሚንከባለለውን ሻንጣ ሳሳድድ እሱ ከነጫማው ደረጃውን ወጣ። ከነጫማው መግባቱን የሰፈሩ ሴቶች እስከ ዛሬ ያነሱበታል።

ደርሼ ስገባ እናቱ ቴታ ፖሊ በሕይወት አሉ። አክስትነታቸው ለማንም ባይደርስም ሁላችንም ቴታ ነው የምንላቸው። ሳሎኑ መካከል ትሪ ይዘው ቆመዋል፤ ትሪው ላይ ግሊኮ፣ ያ ጥሬ በለስ በስኳር ተቀቅሎ የሚሠራው ጣፋጫችን፣ በትናንሽ ሳህን ቀርቧል፤ ከጎኑ ማንኪያና ውሃ።

"ጫማህን!" አሉት ልጃቸውን። ከዓመት በኋላ ሲያዩት ያሉት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

ከዚያ ጃጂ ቫንጄል፣ እንደ አጎት ስለምናያቸው ጃጂ የምንላቸው፣ ከመስኮቱ ሥር ተነሡ። የሂሳብ አስተማሪያችን ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው በሰው መቀለድ ነው። የራኪ አረቄ ብርጭቋቸውን ከፍ አድርገው፣ "እንኳን ደስ አለህ ፕሮፌሰር! ከቲራና ድረስ እየሮጥክ ነው እንዴ የመጣኸው?" አሉ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ብርጭቆ ሁሉ ተነሣ። ሌፍተር ዞር ብሎ አየኝ። ዓይኑ የሚለውን ከእኔ በቀር ያነበበ አልነበረም። ፕሮፌሰር አልነበረም።

ቲራና ዩኒቨርሲቲ ስንማር አንድ ክፍል ነበር የምናድረው፤ እኔ ሥነ ጽሑፍ፣ እሱ ጂኦሎጂ። የሚያጠናው የወንዝ ደለል ነው፤ ጭቃው ከየትኛው ተራራ ተነሥቶ የት ሄዶ እንደሚተኛ። የከተማችንን ወንዝ የቭዮሳን ጭቃ በጠርሙስ በጠርሙስ አድርጎ አልጋው ሥር ያከማች ነበር፤ አንድ ቀን ርቦኝ፣ ከእናቱ የተላከ ግሊኮ መስሎኝ፣ በማንኪያ ቀምሼዋለሁ። በ1997 አገሩ ሁሉ ሲናጋ ባሕሩን ተሻገረ። "ጭቃ ሊማር ጣሊያን ሄደ?" ይሉ ነበር ጃጂ ቫንጄል። "እዚህ አልቆብን ነው?"

ማታ ማታ የምግብ ቤት ሳህን እያጠበ፣ ቀን ቀን እየተማረ ዶክትሬቱን ያዘ። ከዚያ በኋላ ኑሮው የአንድ ዓመት ኮንትራት ሆነ፤ በታኅሣሥ ያልቃል፣ ከታደሰ በጥር ይታደሳል። ጽሑፎቹን ሰዎች በየአገሩ ይጠቅሷቸዋል፤ እሱ ግን የራሱ የሚለው የቢሮ ቁልፍ እንኳን አልነበረውም። ጫማዎቹን ባየንበት ዓመት ግንቦት ላይ አንድ ትልቅ ነገር ተሳካለት። ጣሊያን ውስጥ ፕሮፌሰር ለመሆን የሚታለፈው ሁለት በር ነው። መጀመሪያ አንድ ኮሚቴ ሥራህን መርምሮ "ይህ ሰው ለፕሮፌሰርነት ብቁ ነው" ይልሃል። ቀጥሎ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ወንበር እስኪከፍትና አንተን እስኪመርጥ ትጠብቃለህ። በሁለቱ በሮች መካከል ባለው ኮሪደር ላይ ያረጁ ሰዎች አሉ። ሌፍተር ያለፈው የመጀመሪያውን በር ብቻ ነበር።

በመጣበት ዕለት ምሽት፣ የከተማው ሰው ሁሉ ለሽርሽር ሲወጣ፣ እኛም ወንዙ ዳር ወጣን። በየእርምጃው አንድ ሰው እያስቆመ "ፕሮፌሰር!" ይለዋል። እሱ እየቀላ እጁን ይዘረጋል።

"አንተ ነህ እንዴ የነገርካት?" አለኝ ብቻችንን ስንሆን።

"እኔማ አንተ የነገርካቸው መስሎኝ!"

"እኔ ደውዬ አለፍኩ አልኳት። ግን አስረዳኋት እኮ ሚቲ! 'እማ፣ ገና ነው፣ ወንበር መከፈት አለበት' ብያታለሁ። ኮንትራቴ ራሱ በታኅሣሥ ነው የሚያልቀው።"

"ታዲያ አሁንም ንገራቸዋ።"

"ምን ብዬ? ሰው እኮ በላ፣ ጠጣ! ጃጂ ቫንጄል ብቻቸውን ሦስት ራኪ ጠጥተዋል። መልሱ ልበላቸው?"

እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ እንኳን ደስ አላችሁ ሊል የሚመጣ ሰው ካርቶን ቸኮሌት ይዞ ይመጣል፤ ሰው የመጣላት ሴት ደግሞ በተራዋ የዚያ ሰው ልጅ ሲዳር ወይም ሲመረቅ ካርቶን ይዛ ትሄዳለች። ካርቶኑን የሚከፍት የለም፤ ከቤት ቤት ሲዞር ዓመታት ያስቆጠረ አለ። ለአንድ ደስታ ሁለት ጊዜ አይኬድም። "ተሳስተን ነበር፣ ሲሆን እንጠራችኋለን" ብሎ ነገር የለም። ያን ማለት ትሪ ይዘው የቆሙትን ሴት በከተማው ፊት ውሸታም ማድረግ ነው።

"እና ምን ልታደርግ ነው?"

"ፕሮፌሰር መሆን ነዋ" አለ። "እሷ ሳታውቅ። በሕይወት እያለች።"

ከዚያ ወዲያ ሌፍተር ቀድሞት የተበላው የእናቱ ግሊኮ ላይ ለመድረስ የሚሮጥ ሰው ሆነ። ወንበር ተከፈተ በተባለበት ሁሉ አመለከተ፤ ሰሜን ተራራው ሥር፣ አንዲት ደሴት ላይ፣ ስሟን በካርታ ፈልጌ ያጣኋት ከተማ። ከእያንዳንዱ ፈተና በኋላ ይደውልልኛል። አንድ ጊዜ ሁለተኛ ወጣሁ አለኝ፤ አንደኛ የወጣው የእሱን ጽሑፎች እየጠቀሰ የተመረቀ ልጅ ነበር። "ቢያንስ አንብቦኛል" ብሎ ሳቀ። ኮንትራቱ ሳይታደስ በቀረበት ዓመት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተማረ፤ ነሐሴ ላይ ግን በየዓመቱ የሚለብሰውን ግራጫ ኮቱን ለብሶ መጣና በካፌው በረንዳ አለፈ።

"ፕሮፌሰር!" ጃጂ ቫንጄል ከወንበራቸው ሳይነሡ ይጣራሉ። "ዘንድሮስ ጭቃው ምን ይላል?"

"ሰላም ይላል ጃጂ።"

"በዚህ ፀሐይ ኮት? ፕሮፌሰሮች አይሞቃችሁም?"

ይሞቀው ነበር። እናቱ ግን ከመስኮት እያዩት ስለነበር አያወልቀውም።

አንድ ዓመት በግንቦት ማለቂያ፣ በለሱ ገና አውራ ጣት ሳያክል የሚለቀምበት ሰሞን፣ ቴታ ፖሊ ቅርንጫፍ እንድይዝላቸው ጠሩኝ። ጎንበስ ብለው ቅርጫቱን እየደለደሉ፣ ቀና እንኳን ሳይሉ፣ "ሚቲ፣ አሁንም አልሰጡትም?" አሉኝ።

"ምኑን ቴታ?"

"ወንበሩን ነዋ። እኔ ላይ ድራማ አትሥራብኝ።"

ቅርንጫፉ አመለጠኝ።

"ያኔ በስልክ ሲነግረኝ አንድ ቃል አላመለጠችኝም" አሉ። "አለፍኩ፣ ግን ገና ነው አለኝ። በዚያው ሳምንት የቲራናው ዶክተር ልቤን አዳምጦ ፊቱን አጠቆረብኝ። ጣሊያኖቹ እስኪወስኑ ብጠብቅ ትሪውን ማን ሊይዘው ነው? አንተ ትይዘዋለህ? በለሱን አብዝቼ ቀቀልኩና በሬን ከፈትኩ።"

"እሱ እኮ እንዳይሰሙ ብሎ እየተሰቃየ ነው።"

"ይሰቃይ። አባቱም ካላፈረ አይሠራም ነበር።"

"ልንገረው?"

"ትነግረውና ግሊኮዬን ዳግመኛ ትቀምሳታለህ!"

ስቄ እሺ አልኩ። እሳቸውም ሳቁ። ቆይተው ግን እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው፣ ዛፉን ተደግፈው፣ "ሲሆንለት ማን ይመጣለታል?" አሉ። "እሱን አላሰብኩትም ነበር።"

የሆነለት በየካቲት ነው። የደቡብ ጣሊያን አንዲት ትንሽ ከተማ፤ ያረጀ ዩኒቨርሲቲ፣ ደለሉ የሚያስቸግር ወንዝ። ሳይደውል መጣ። ካፌው ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ፣ ስልኩን ከጠረጴዛው በታች አድርጎ የአንድ በር ፎቶ አሳየኝ። በሩ ላይ ስሙ ተጽፏል። ፎቶውን አጉልቶ፣ መልሶ አሳንሶ፣ እንደገና አጉልቶ አየው።

"ፕሮፌሰር! በየካቲት?" ጃጂ ቫንጄል በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ ገቡ። "ተማሪዎቹ አባረሩህ?"

"ፈቃድ ወስጄ ነው ጃጂ።"

"አዲስ ነገር አለ?"

ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተ። "ምንም አዲስ ነገር የለም" አለ፤ ፊቱ ግን እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር። ጃጂ ቫንጄል ትንሽ አዩትና፣ "ከክረምት ፈቃዱ ይልቅ ሚስት ፈልግ" ብለው ወደ ጠረጴዛቸው ሄዱ። በዚያ ከተማ ካሉት ሰዎች ሁሉ ደስ ያለው እሱ ነበር፤ እንኳን ደስ አለህ ሊባል የማይችለውም እሱ ብቻ።

ማምሻውን ከቤቴ ቁም ሳጥን ካርቶን ቸኮሌት አወጣሁና ሄድኩ። ደጃፉ ላይ አንድ ጥንድ ጫማ ብቻ ነበር፤ የሌፍተር። የእኔን ከጎኑ አስቀመጥኩ። ሳሎኑ ሞቋል። በየካቲት መምጣቱና የፊቱ ብርሃን ነግረዋቸው መሆን አለበት፣ ቴታ ፖሊ የበዓል ጥቁር ቀሚሳቸውን ለብሰዋል፣ ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ስኒዎች ወጥተዋል። ሌፍተር ይህ ሁሉ ለእኔ መሆኑ ገርሞት ያየኛል።

ትሪው መጣ። ትሪ መጀመሪያ የሚቀርበው ለእንግዳ ነው፤ የቤት ሰው ከትሪ አያነሣም፣ ሲፈልግ ወጥ ቤት ገብቶ በማንኪያ ይበላል። ቴታ ፖሊ በእኔ አጠገብ አለፉና ልጃቸው ፊት ቆሙ። ማንኪያዎቹ ይንኳኳሉ።

"እማ፣ እንግዳው እኮ እሱ ነው።"

"ውሰድ።"

"ለሚቲ..."

"እንኳን ደስ አለህ ልጄ።"

"ለምኑ?" አለ ሌፍተር፣ በዝግታ።

"ውሰድ አልኩህ፣ ክንዴ ዛለ።"

ተነሣ። ኮቱን ቆለፈ። በለሱን በላ፣ ውሃውን ጠጣ፣ እንግዶች እንደሚያደርጉት ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ አቆመ። "ኑሪልኝ" አላቸው። ቴታ ፖሊ ወደ እኔ ዞሩና፣ ያመጣሁትን ካርቶን አንሥተው ወደ መብራቱ አስጠጉት። የተቀደደች ጥግ ነበረችው።

"ይህችን ለቫንጄል ልጅ ሠርግ የወሰድኳት እኔ ነኝ" አሉ።

ሌፍተር ሳቀ። ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ፤ ከዚያም መነጽሩን አውልቆ፣ ሳቁ ካቆመ በኋላ እንኳን፣ ሲጠርገው ቆየ። ፊቱን አጥብቄ አየሁት። ገብቶታል? ዛሬ ነው የገባው ወይስ ከዚያ ከጫማው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር? እናቱ ያውቃሉ ብሎ ቢያስብ ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት ይሮጥ ነበር?

ጠዋት ወደ ሚኒባሱ ሸኘሁት። ቁልቁለቱን ስንወርድ እሱ ስለ ተራራው በረዶ፣ በጸደይ ቭዮሳ ስለምታወርደው ደለል ያወራል። በጋዜጣ የተጠቀለለ የግሊኮ ጠርሙስ ደረቱ ላይ ይዟል። ማቆሚያው ጋ እስክንደርስ ጠበቅኩት።

"ሌፍተር፣ ትናንት እናትህ ትሪውን..."

"ፕሮፌሰር!" ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። "ትወጣለህ ወይስ እዚሁ ታስተምራለህ?"

ጉንጬን ግራና ቀኝ ስሞኝ ወጣ። ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ጠርሙሱን ጭኑ ላይ አቆመ፣ ጉም ያለበሰውን መስታወት በእጅጌው ጠርጎ አየኝ። በሩ ተዘጋ። ሚኒባሱ በድልድዩ አጠገብ አልፎ በወንዙ መንገድ ቁልቁል ሄደ።