የቸኮልኩበት እትብት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ባሕር ዳር ወለደች። ምጡ ገና ሳይጠናባት አንዲት ወጣት ሐኪም ቅጽ ይዛ መጣች። ከእትብቱ ደም ጥቂት ለጥናት እንድንፈቅድላት ነው። ስቴም ሴል የሚሏቸው፣ ወደፊት ደምም ሌላም መሆን የሚችሉ ሴሎች እዚያ ውስጥ አሉ፤ ብዛታቸው እንደ እናትየዋና እንደ ሕፃኑ ሁኔታ ይለያያል አለችን። ዕድሜዋን፣ ስንተኛ ልጇ እንደሆነ፣ ወሩ መሙላቱን ጠየቀች። እኔን የነካኝ ግን መጨረሻ ላይ ያለችው ነው፦ “ቶሎ አንቆርጥም። ለልጁ የሚገባው ደም ከገባለት በኋላ የቀረውን ነው የምንወስደው።” ወረታ ትዝ አለችኝ።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ ነው። የሃያ ሁለት ዓመት የጤና ረዳት ሆኜ ከደብረ ብርሃን ወረታ ተመደብኩ። ጉራዬ ለጉድ ነበር! ነሐሴ ላይ የፎገራ ሜዳ ውሃ ተኝቶበት፣ የሩዙ አናት ብቻ እየታየ፣ አንድ ገበሬ ሊጠራኝ መጣ። ሚስቱ ትርንጎ ወሯ ሳይገባ ምጥ ይዟታል። ክረምቱን ወባ ሲያመላልሳት ከርሟል፤ ከዚህ በፊት የወለደቻቸው ሁለቱም አልቆዩላትም። ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ እየዋጠኝ፣ ከሰዓት በኋላ ደረስን።

የመንደሩ የልምድ አዋላጅ እማማ አንጓች ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። ያኔ እንዲህ ያሉ ሴቶችን እንድናስቆም ነበር የሚነገረን። እኔም ገና ከበሩ “እርስዎ አሁን ዞር ይበሉልኝ” አልኳቸው። ፈቀቅ አሉ።

ልጅቱ ወጣች። ሚጢጢ ናት፤ ነጣ ብላለች፤ ድምፅም የላት። እንደተማርኩት እትብቱን ወዲያው አስሬ ልቆርጥ ክርና መቀሴን ሳነሳ እማማ አንጓች እጄን ያዙኝ።

“ቆይ የኔ ልጅ፣ ገና ይመታል። ንኪው እስቲ።”

“ልጅቱ እየሞተች ነው እኮ” አልኳቸው።

“እንግዲያማ የራሷን ደም ለምን ትከለክያታለሽ? እናቷ በወባ አልቃለች፤ እሷም ያለ ጊዜዋ የመጣች ናት። እንዲህ ላለችዋ ነው ይበልጥ የሚጠበቅ።”

ተናደድኩ፤ ግን እጃቸው ጠንካራ ነበር። ጣቴን እትብቱ ላይ ባሳርፍ እውነትም ትር ትር ይላል። እሳቸው ጀርባዋን በጨርቅ ያሻሉ፣ እኔ በሆዴ ማርያም ማርያም እላለሁ። ትርታው እየደከመ ሄዶ ቆመ፤ እትብቱም ነጣ። ልጅቱ ቀላ አለችና አለቀሰች። ትርንጎም አብራት አለቀሰች።

ገንፎ ቀረበ፣ ቅቤው መሐሉ ላይ ሞልቶ። አባትየው “እጅሽ ይባረክ፣ ልጄን አተረፍሽልኝ” ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። አሜን አልኩ! እማማ አንጓች አጠገቤ ሆነው ቅቤውን ወደ እኔ ይገፉልኛል እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ጤና ጣቢያ ተመልሼ ሳወራም ስማቸውን አላነሳሁም። ከዚያ ወዲያ ግን ማንንም ሳዋልድ ትርታው ሳይቆም ቆርጬ አላውቅም። እስከ ዛሬ በእጄ ያለፉት ሕፃናት ሁሉ የእሳቸው ውለታ አለባቸው፤ ከሁሉም ይልቅ እኔ።

የልጅ ልጄ ሲወለድ ሐኪሟ እንዳለችው ጠበቀች። እኔም ጥግ ቆሜ እማማ አንጓችን አመሰገንኩ። ነፍሳቸውን ይማር፣ በሕይወት እያሉ አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላልኳቸውም።

የትርንጎ ልጅ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት። በየእንቁጣጣሹ እየደወለች “በእርስዎ እጅ ነው የተረፍኩት” ትለኛለች፤ እኔም እመርቃታለሁ። ዘንድሮ ስትደውል የማን እጅ እንደነበር እነግራታለሁ።