የታጠበው ግድግዳ

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ዳላስ፣ ሌክ ሃይላንድስ በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት አፓርትመንት፣ ከእኛ ቤት በታች ጋሽ መኩሪያ የሚባሉ ብቸኛ ሰው ይኖሩ ነበር። እናቴ ሌዊስቪል ካለው መጋዘን ሥራዋን ጨርሳ እስክትመጣ ድረስ እኔንና ታናሽ ወንድሜን የሚጠብቁን እሳቸው ነበሩ። የሳሎን መብራት አይወዱም። ከምድጃው በላይ ያለችውን ትንሽ አምፖል ብቻ ያበሩና፣ በዚያች ቢጫ ብርሃን ወንበራቸውን ስበው ተረት ይጀምሩልናል። ተረት የምለው እኔ ነኝ፤ እሳቸውማ «ያየሁትን ነው የምነግራችሁ» ነበር የሚሉት።

በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ውስጥ የምግብ ፋብሪካ ሠራተኛ ሳሉ ለሥልጠና ጃፓን ተልከው፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ስድስት ወር ተቀምጠዋል። ከተማዋ ከአኩሪ አተርና ከስንዴ የሚጠመቅ ጥቁር ማጣፈጫ በመሥራት የታወቀች ናት። ከባቡር ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው ይሉናል። የእንጨት በርሜሎቹ፣ አንድ ሰው በሌላው ትከሻ ላይ ቢቆም እንኳ አፋቸው ላይ አይደርስም። የመጥመቂያ ቤቱ ግድግዳ ደግሞ ታጥቦ ስለማያውቅ ጥቀርሻ የመሰለ ሻጋታ ለብሷል። «ጣዕሙን የሚሰጠው እዚያ ግድግዳ ላይ የሚኖረው ነው» ይሉ ነበር። ያኔ ወንድሜ አፉን ከፍቶ ሲሰማ፣ እኔ አንዱንም አላምንም። ትምህርት ቤት ስለ ጀርም ሲነገረኝ እየዋልኩ፣ እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱን በበረኪና ስታጥብ እያየሁ፣ ሻጋታ የሚንከባከብ ሰው አለ ቢሉኝ እንዴት ልመን?

ጋሼ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ፣ ከጫማዎቻቸው አጠገብ፣ በፎጣ የተጠቀለለች የሸክላ ማሰሮ ነበረቻቸው። ለጾም ስልጆ የሚያዘጋጁባት ናት። የባቄላ ዱቄቱን፣ ሱፉንና ሰናፍጩን አዋህደው እዚያ ያብላሉታል፤ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ከሥሩ ትንሽ አስቀርተው ለሚቀጥለው እርሾ ያደርጉታል። ማሰሮዋንም እርሾውንም የላከችላቸው እኅታቸው ነበረች። እሷ ሞታለች።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ጋሼ በረንዳ ላይ በስልክ ሲያወሩ ማሰሮዋን አወጣኋት። ውስጧ ጠቁሯል፣ ይሸታል። ላስደስታቸው ፈልጌ በበረኪና ፈተግኳት፣ በሙቅ ውኃ አለቀለቅኳት፣ እንድትደርቅም ደፋኋት።

«ጋሼ፣ ሰርፕራይዝ! ክሊን አደረግኩት!»

ማሰሮዋን አንስተው አሸተቷት። እንደያዟት ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ይቆጣሉ ስል፣ ጭራሽ ተረት ጀመሩልኝ።

«እዚያች ከተማ አንድ ሞኝ ሠልጣኝ ነበረ» አሉ። «ሰነፍ እንዳይሉት ፈርቶ፣ ሰው ሁሉ ምሳ ሲሄድ የግድግዳውን አንድ ጥግ በሳሙና አጠበው። ነጭ እስኪሆን። ሽማግሌው ባለቤት መጥተው አዩና ብሩሹን ከእጁ ወስደው፣ ደክሞሃል፣ ና ምሳ ብላ አሉት።»

ጥፋት እንዳጠፋሁ ገብቶኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም። የሚያሾፉብኝ መሰለኝና ዓይኔን በጨው ታጥቤ ጮኽኩባቸው።

«ሶ ይሄም ውሸት ነው! ሁልጊዜ ውሸት ነው የምትነግረን!»

አንቱታውም ጠፋኝ። በሩ ላይ የደረሰችው እናቴ ሰምታ ይቅርታ በይ ብትለኝ፣ አልልም ብዬ አለቀስኩ። ጋሽ መኩሪያ ከዚያም በኋላ ይጠብቁን ነበር፣ መክሰስም ይሰጡን ነበር። ግን የሳሎኑን መብራት አበሩት፤ ቴሌቪዥንም ከፈቱልን። ተረቱ በዚያው ቀረ። ወንድሜ ለብዙ ጊዜ አኮረፈኝ፣ እውነቱን ነበር።

ባለፈው ዓመት ሪቻርድሰን የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለስብሰባ ጃፓን ላከኝ። ቅዳሜ ነፃ ነበርኩና ለወንድሜ ደወልኩለት፤ የከተማዋን ስም አልረሳውም። ባቡር ተሳፍሬ ሄድኩ። ጣቢያው ላይ ሽታው ተቀበለኝ። መጥመቂያ ቤቱ ስገባ በርሜሎቹ ጋሼ እንዳሉት ናቸው፣ ግድግዳውም ጥቁር ነው። ከበሩ ኋላ ያለው ጥግ ብቻ፣ የአንድ መስኮት ያህል፣ ፈዘዝ ብሏል። የምታስጎበኘኝን የባለቤቱን የልጅ ልጅ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«አያቴ በነበሩበት ጊዜ ከአፍሪካ የመጣ ሠልጣኝ አጥቦት ነው» አለችኝ እየሳቀች። «አያቴ፣ አትንኩት፣ ጥቁረቱ ቀስ ብሎ ይመለሳል አሉ። ይኸው እየጠበቅን ነው።»

እዚያው እንባዬ መጣ። ጋሼ፣ «ሞኙ እኔ ነኝ» ብለውን አያውቁም ነበር።

ዳላስ እንደገባሁ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። አርጅተዋል። የሳሎኑ መብራት እንደበራ ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «ግድግዳውን አየሁት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «እስካሁን አልጠቆረም እንዴ?»

«ትንሽ ቀርቶታል።»

«ተመስገን» አሉ።

ከዚያች ማሰሮ ያጠፋሁትን የእኅታቸውን እርሾ ልመልስላቸው አልችልም፤ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ተነሥተው ግን የሳሎኑን መብራት አጠፉ፣ የምድጃውን አምፖል አበሩ፣ ወንበራቸውን ሳቡ።

«በይ፣ ዛሬ ደግሞ አንቺ ንገሪኝ» አሉኝ።

«ያየሁትን ነው የምነግርዎት» ብዬ ጀመርኩ።