የጣሪያው ውሃ

ከሜጋ የወጣሁት ፀሐይ ስትገባ ነው። የመጨረሻዋ ላማችን በድርቁ ከሞተች በኋላ የምሸጠው ወተት ስላልነበረኝ፣ ልብሴን በፌስታል ጠቅልዬ፣ እናቴን ስሜ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። እናቴ አላለቀሰችም። ገበያ እንደምሄድ ሁሉ «ስትደርሺ ደውዪ» ብቻ አለችኝ።

ሞያሌ፣ እንደምታውቁት፣ ግማሿ የእኛ ግማሿ የኬንያ ናት። ጠዋት ስሻገር አንድ የኬንያ ፖሊስ በተሰባበረ አማርኛ አስቆመኝ።

«የት ነው የምትሄጂው?»

«ሞያሌ።»

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«አሁን ከሞያሌ።»

«ታዲያ ምን አደከመሽ?» ብሎ ሳቀ። «የሸሸሽው ድርቅ ከሆነ እዚህም አለ። ካሪቡ።» እንኳን ደህና መጣሽ ማለቱ ነው።

ማንያታ ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም መሸጥ ጀመርኩ። ወተት ሻጭ የነበርኩት ሴት የዱቄት ወተት በሻይ መጠጣት ለመድኩ። ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ ግን ያለ በርበሬ እስካሁን ጉሮሮዬ አይቀበለውም። ከሁሉም የከበደኝ ውሃው ነው። ለአከራያችን ለምዜ አደን (ምዜ የሚሉት ሽማግሌን ነው) የቤት ኪራይ እንከፍላለን፣ ደግሞ የምንጠጣውን በጄሪካን ከእሳቸው እንገዛለን። ሲዘንብ ከጣሪያችን የሚወርደው ውሃ ግን መንገዱን አጨቅይቶ ይሄዳል።

ጎረቤቴ ሐሊማ ኦቦ ከሚባል መንደር የመጣች ናት፤ ከብቶቿን እንደኔ የቀበረች። «አሸንዳ እንስራና ውሃውን በአንድ ታንከር እናጠራቅም፤ ሁላችንም እኩል እንቅዳ» ያለችው እሷ ናት።

በዚያው ሰሞን ከናይሮቢ የመጡ ሰዎች ሆቴል ውስጥ ስልጠና አለ ብለው ጠሩን። ባለቀለም እስክሪብቶ ሰጡንና «የተሻለና ፍትሐዊ የሆነ ወደፊት አልሙ፤ ሳሉት» አሉን። እኔና ሐሊማ ግቢያችንን ሳልን፣ መሃሉ ላይ ቁልፍ የሌለው ታንከር። አሰልጣኟ በጣም ወደደችው፤ ፎቶ አነሳችው።

«መቼ ትሰሩልናላችሁ?» አለቻት ሐሊማ።

«የዛሬው ለማለም ብቻ ነው» አለች ልጅቷ፣ አፍራ። «ሥራው የሌላ ክፍል ነው።»

ፒላው የሚሉትን ሩዝ በልተን ተመለስን።

ስለዚህ ራሳችን ሰራነው። የግቢው ሴቶች አዋጥተን ያገለገለ ታንከር ገዛን፣ ከወዳደቀ ቆርቆሮ አሸንዳ አጠፍን። አንድ ከሰዓት ዝናቡ መጣና ታንከሩ ሲሞላ ቆመን አየን። ሐሊማ ፊቷን ታጥባ ደግማ ታጠበች። እንደዚያ ውሃ ስታባክን አይቻት አላውቅም።

በማግስቱ ምዜ አደን ጓጉንቸር ይዘው መጡ።

«ምዜ፣ ታንከሩን እኮ የገዛነው እኛ ነን» አልኳቸው።

«ጣሪያው የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«ከጣሪያዬ የወረደ ውሃ የኔ ነው። ታንከራችሁን ከፈለጋችሁ ውሃውን ደፍታችሁ ውሰዱ።»

«ሰማዩንስ ተከራይተውታል?» አለች ሐሊማ።

በዚህች ቃል ከቤት አስወጧት። ለእኛም የራሳችንን ዝናብ በጄሪካን ይሸጡልን ጀመር። አንዳንዶቹ ሴቶች «አርፋ ብትቀመጥ ኖሮ» አሉ፤ የሚጠጡት ይኸው ውሃ አይደለም እንዴ፣ አልፈርድባቸውም።

ሐሊማ አሁን ኦዳ የምትባል መንደር ናት፣ የዘመዶቿ መሬት ላይ። እዚያ ካሉ ሴቶች ጋር የውሃ ጉድጓድ እየቆፈረች ነው፤ እሁድ እሁድ ሄጄ አግዛታለሁ። መሬቱ ድንጋይ ነው፣ እጃችን ተላልጧል፣ ዝናቡም ቀርቷል።

ባለፈው እሁድ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ እናቴ ደወለች።

«እህትሽ ልጆቿን ይዛ ልትመጣ ነው» አለችኝ። «እናንተ ጋ ሴቶቹ ተባብረው ውሃ አውጥተዋል አሉ። እውነት ነው?»

ሐሊማ ከላይ ሆና አፈሩን እስካቀብላት ትጠብቀኛለች። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ባልዲውን ወደ ላይ አቀበልኳት።

«ኔትወርክ ነው?» አለች እናቴ።

«አይ እማዬ» አልኳት። «እየሰማሁሽ ነው።»